ውሻ የሌለበት ውሻ ቤት

ግቢያችን ውስጥ «ውሻ ቤት» የሚባል አንድ ክፍል ነበር። ከድንጋይ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከግቢው ጀርባ ከአጥሩ ጋር የተጣበቀ። ስሙን የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣም «ከውሻ ቤት ቀጥሎ ያለው በር ነው» ተብሎ ነበር የእኛ ቤት የሚጠቆመው። እኔ ባደግሁበት ዘመን ሁሉ ግን ከአንድ ወቅት በቀር ውሻ አላደረበትም።

ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ወደ ጉራራ ሲወጣ፣ ከቤቶቹ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት። ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሰፋፊ መሬት ሲሰጡ እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ሩሲያም በዚህ በምሥራቁ በኩል ከተራራው ግርጌ ተደረደሩ። ሰው ለጋሲዮኖቹን ተከትሎ ሰፈረ፤ ሰፈሩም ስማቸውን ወሰደ። መጀመሪያ ላይ የፈረንጆቹም ኑሮ ከእኛው የራቀ አልነበረም። በኋላ የዐረብን በረሃ በግመል በማቋረጥ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1902 ዓ.ም. እንግሊዝ ለጋሲዮን ውስጥ ሲወለድ የተወለደበት ቤት የጭቃ ጎጆ ነበር፤ አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ሆኖ ሳለ። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ በእኛ ግቢ የፈረንጅ ውሾች በድንጋይ ቤት ማደር ጀመሩ።

ቪላውን ያሠሩት ሰው ለፈረንጅ ለማከራየት ብለው ነበር ያሠሩት። ተከራዩ ሁለት ጀርመን ሼፐርድ ውሾች ስለነበሩት «ማደሪያቸው ካልተሠራ አልገባም» አለ ይባላል። ባለቤቱም ግንበኛ ጠርተው አሠሩለት። መሠረቱ ጥርብ ድንጋይ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ወለሉ ደግሞ ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ብሎ ውሃው በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ እንዲወርድ የተደረገ። ግድግዳው ላይ ሰንሰለት የሚታሰርበት ወፍራም የብረት ቀለበት ተቀብሯል። ትልቅ ሰው መሐሉ ላይ ካልሆነ ቀጥ ብሎ አይቆምበትም። በዚያው ግቢ ለሠራተኞች የተሠሩት ሰርቪስ ቤቶች ግድግዳቸው ጭቃ፣ ወለላቸው አፈር ነበር። ይህን ልዩነት ያን ጊዜ ማንም አላነሳውም። ዛሬም ሳስበው የሚገርመኝ ልዩነቱ ሳይሆን አለመነሳቱ ነው።

ስለ ውሾቹ ያወቅነው ከሽማግሌው ዘበኛ ነው። ከመንዝ የመጡ ሰው ነበሩ፤ በራፉ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ዘበኛ ቤት ከወታደር ካፖርታቸው ጋር ያድሩ ነበር። የውሾቹን ምግብ የሚያበስሉትም እሳቸው ናቸው። በየቀኑ ከሉካንዳ ሥጋ ይገዛል፣ ከበቆሎ ቅንጬ ጋር ይቀቀላል፣ ቀዝቅዞ ይሰጣል። ጾም ሲሆን እሳቸው ሽሮ እየበሉ ለውሾቹ ሥጋ ይቀቅላሉ። አንድ የሐምሌ ሌሊት ፈረንጆቹ ላንጋኖ ወርደው ሳለ በረዶ ሲጥል ካፖርታቸውን ይዘው ውሻ ቤት ገቡ። ውሾቹ ግራና ቀኝ ተኙላቸው። «አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ሞቆኝ ያደርኩት ያን ቀን ነው» ይሉ ነበር፤ እኛም እንስቃለን፣ እሳቸውም ይስቃሉ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለው ቤት ሁሉ ትርፍ ሆነ። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ያለውን ቤታቸውን መርጠው ቪላውን አስረከቡ። ፈረንጁ ከዚያ በፊት አገር ለቆ ነበር። ከውሾቹ አንዷን ለወዳጁ ሰጣት፤ ወንዱ እዚያው ቀረ። ዘበኛው እንደሚሉት ውሻው የቀሩትን ጥቂት ወራት በር በሩን ሲያይ ከርሞ በመጨረሻ ጅብ በላው። የሰፈሩ ሰው የፈረንጅ ውሻ ጅብ አያውቅም፣ ሊጫወተው ነው የወጣው ብሎ አላገጠበት።

ቪላው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ በየከተማው የተወረሱ ቪላዎች ጋራዥና ሰርቪስ ቤታቸው እስር ቤት ሲደረግ የእኛም ግቢ አልቀረለትም። ድንጋይ ግድግዳ፣ ጠባብ በር፣ መስኮት የለውም። ውሻ ቤት ለዚያ ሥራ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር። «እገሌስ?» ሲባል «ውሻ ቤት ነው» ይባላል፤ ሌላ ጥያቄ አይከተልም። እኔ ያን ጊዜ የምታዘል ሕፃን ስለነበርኩ የማውቀው ሰዎች ሲያወሩ ከሰማሁት ነው፤ ወላጆቼ ደግሞ ስለዚያ ዘመን አያወሩም። አንድ የሰፈራችን ሰው ግን ግቢያችን ለቅሶ ሊደርሱ በመጡ ቁጥር ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። ካደግሁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠጅ ከጠጡ በኋላ፣ ስለ ውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ ነገሩኝ። አፍንጫን እዚያ ማስጠጋት የሚቻለው በተራ ነበር፤ ተራውን የሚጠብቀው ከመሐላቸው የሂሳብ አስተማሪ የነበረ ነው። ይህን ብለው ስለ ልጃቸው ሠርግ ማውራት ቀጠሉ።

ቀበሌው ወደ ሌላ ግቢ ሲዛወር ቪላው ለሦስት ቤተሰብ ተከፋፈለ፣ ሰርቪሶቹ ለእኛና ለመሰሎቻችን ተሰጡ፣ ውሻ ቤትም በቤት ቁጥር ተመዘገበ። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ሁሉ በቀበሌ ይተዳደር ነበር፤ የእኛዎቹ ከዚያ በጣም ያነሱ ነበሩና ክርክር አላስነሱም። መዝጋቢው ያየውን ጻፈ፦ አንድ ክፍል፣ ግድግዳ ድንጋይ፣ ወለል ሊሾ። እኛን «ግድግዳ ጭቃ፣ ወለል አፈር» ብሎ መዘገበን። በዚህ ምክንያት የውሻ ቤት ኪራይ ከእኛ ኪራይ በ50 ሳንቲም በለጠ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ጣቱን ያነሳል።

ውሻ ቤትን የተከራዩት እማማ ነበሩ። ትልልቆቹ እትዬ ይሏቸዋል፣ እኛ እማማ። ባላቸው ሞቶባቸው ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ እንጨት ተሸካሚ ናቸው። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገመዳቸውንና አንድ ቁራሽ ዳቦ ይዘው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። ከኋላ የሚያያቸው ሰው ሴት ሳይሆን የሚሄድ ቁጥቋጦ ነው የሚያየው። አንዳንድ ቀን ከጫካ ጠባቂ ሲሸሹ በየካ ጋራ በኩል በዋሻ ሚካኤል ዞረው ይመጣሉ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው፣ ሰው ሥራውን ለአብርሃና አጽብሃ የሚሰጠው፣ ጣሪያው የተከፈተው ያ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ለእሳቸው ሸክም አውርዶ እፎይ የሚባልበት ቦታ ነበር። «ሚካኤል ጠባቂ አያሳድድም» ይላሉ። ታናሽ ወንድሜ ግን «ዋሻ ሚካኤል» የሚለውን «ውሻ ሚካኤል» እያለ ይጠራ ስለነበር እማማ የሚኖሩት የመልአኩ ውሻ በነበረበት ቤት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ማንም አላረመውም።

እማማ ውሻ ቤትን ቤት አደረጉት። ቀዳዳዋን በጨርቅ ወተፏት፤ ብርዱ የሚገባው በእሷ ነበርና። የብረት ቀለበቱ ላይ የእንጨት ገመዳቸውን ያንጠለጥሉበታል። ግድግዳውን በአሮጌ ጋዜጣ ለብደውታል፤ እኔ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ማንበብ የተለማመድኩት የእሳቸው ግድግዳ ላይ ነው። «የት ነዎት?» ሲባሉ «ውሻ ቤት ነኝ» ብለው ይመልሳሉ፤ ድምፃቸው አይለወጥም። እናቴ «ሂድና ከውሻ ቤት እሳት አምጣ» ትለኛለች። በእሑድ ቡና ላይ «ዛሬ ተራው የውሻ ቤት ነው» ይባላል። ከገጠር የመጣች አንዲት አክስቴ ይህን ስትሰማ ስኒዋን አስቀምጣ «አሮጊት ሴትዮን እንዲህ ብሎ መጥራት ነውር አይደለም?» አለች። ሁሉም ሰው ዝም አለ። ቀጥለው «ኧረ ልጄ፣ ቡናው ይቀዘቅዝብሻል» ያሏት እማማ ራሳቸው ናቸው።

ግንቦት 1976 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ቆጣሪው ወጣት ነበር፤ ምናልባት ተማሪ። በየበሩ እያንኳኳ መጥቶ እናቴን «እዚያ ጥግ ያለውስ?» አላት። «ውሻ ቤት ነው» አለችው። አለፈው። እናቴ ሮጣ መለሰችው፤ «ሁለት ሰው አለበት!» ብላ። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ተመለሰና ጻፈ። በዚያች ቀን እናቴ ባትሮጥ ኖሮ ኢትዮጵያ በሁለት ሰው ታንስ ነበር ብሎ አባቴ ለዓመታት ቀልዶበታል።

አሁን ወደ ውሻው ልምጣ፤ ግቢያችን ውስጥ ውሻ ነበረ። ስሙ ቡቺ ነው፤ የአዲስ አበባ ውሻ እኩሌታው ቡቺ ነው። የሐበሻ ውሻ፣ ቡኒ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። ማደሪያ አልነበረውም፤ ማደሪያ እንደሚያስፈልገውም ያሰበ የለም። የሚተኛው እማማ በር ላይ፣ እንጨቱ በሚከመርበት፣ በጆንያ ላይ ነው። ወደ ቤት የሚገባ ውሻ በአማኝ ቤት አይታሰብም፤ ጸሎት የሚጸለይበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ነውና። ውሻው የደጅ ነው፤ የሚበላውም ትራፊ፣ ሥራውም አንድ ነው፤ እሱም ጅብን ማሳወቅ።

ጅቡ ቀልድ አይደለም። ከእንጦጦ ጫካ በወንዞቹ ሸለቆ፣ በቀበና በኩል፣ ሌሊት ይወርዳል። ትልልቆቹ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲሉ እኛ ምሳሌ መሆኑን አናውቅም ነበር፤ አባቴ በየሳምንቱ አጥሩን ዞሮ ቡቺ የሾለከበትን ቀዳዳ በድንጋይ ይደፍናል። በዐቢይ ጾም ነገሩ ይብሳል። ሉካንዳው ይዘጋል፣ አጥንትና አንጀት ከየሜዳው ይጠፋል፣ ጅቡም ወደ ሰው በር ይቀርባል። በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ በትግራይ አረጋግጧል፦ ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ የተገኘውን ፀጉር ሲለዩ በጾሙ ሰሞን ጅቦቹ አህያ አብዝተው መብላታቸውን አገኙ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጅቡም ከእኛ ጋር ምግብ ይቀይራል ማለት ነው። ያን ጥናት ሳነብ እማማ ትዝ አሉኝ፤ በጾም ወራት በር ሳይዘጉ አያመሹም፣ ቡቺንም «ዛሬ ጠንክር» ብለው ነበር የሚገቡት።

የጾሙ ረሀብ ቡቺንም ይነካዋል። በዚያ ሰሞን ነው የቪላውን ልጅ የነከሰው። ልጁ ጭራውን ረግጦት ይሁን ጎትቶት እስከ ዛሬ ክርክር አለበት። እግሩ ደማ፤ እናቱ ጮኸች፤ ግቢው ተሸበረ። የእብድ ውሻ ነገር በአዲስ አበባ የቆየ ፍርሃት ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች፣ በሽታው እንደ ወረርሽኝ ገብቶባት እንደነበር ተመዝግቧል። መድኃኒቱ ያለው ጉለሌ፣ ፓስተር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ቢቀይርም ሰው ፓስተር ማለቱን አልተወም። መርፌው ሆድ ላይ፣ እምብርት ዙሪያ፣ በየቀኑ የሚወጋ ነበር። ልጁ በእናቱ እጅ ተይዞ በአውቶብስ ጉለሌ ሲመላለስ ሰነበተ፤ እኛም ማታ ማታ ሆዱን ገልጦ እንዲያሳየን እንለምነው ነበር።

ሐኪሙ ሌላም ነገር አዘዘ፤ ውሻው አይገደል፣ ታስሮ ለዐሥር ቀን ይታይ። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በሽታው የለበትም ማለት ነው፣ ልጁም ከመርፌው ይገላገላል። ጥሩ። የት ይታሰር? አጥሩ ጋ ከታሰረ ጅብ ይበላዋል፣ ጅብ ከበላው ደግሞ ማየት አይቻልም። በረንዳ ላይ ከታሰረ ልጆች ይጠጉታል። ሰዎቹ በግቢው መሐል ቆመው ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ከመሐላቸው አንዱ ዘወር ብሎ ወደ ጥግ ተመለከተ። ሌሎቹም ተመለከቱ።

ማንም አልተሸማቀቀም። ይህን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። እናቴ ደግ ሴት ናት፣ አባቴ የሰው መብት የሚያከብር ሰው ነው፣ የቪላው ሰዎችም ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን ያንን ስም ለዓመታት ሲሉት ስለኖሩ ሐሳቡ ተገቢ መሰላቸው። ድንጋይ ነው፣ በር አለው፣ ቀለበት አለው፣ ስሙም ያው ነው። እናቴ «እትዬ፣ ለጥቂት ቀን እኔ ወጥ ቤት ይደሩልኝ» አለች። እማማ ውሻውን አዩት፣ ቤቱን አዩት፣ ከዚያ «ምን ይደረጋል፣ ቤቱ የሱ ነው» አሉ። እንደ ቀልድ ተቆጠረና ተሳቀ። የልጅ ልጃቸው ብቻ አልሳቀችም፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች።

ዕቃቸውን አወጣን። ምድጃ፣ ሁለት ጀሪካን፣ የሣር ፍራሽ፣ የማርያም ሥዕል፣ አንድ ሻንጣ። ገመዳቸውን ከቀለበቱ ላይ አውርደው የቡቺን ሰንሰለት ያሰሩት ሽማግሌው ዘበኛ ናቸው፤ እጃቸው ሥራውን አልረሳውም ነበር። ቡቺ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሲያላዝን አደረ። ለውሻ ከተሠራ ቤት ገብቶ የማያውቅ ውሻ ነው፤ ጣሪያ መኖሩ ራሱ አስፈራው። በቀሩት ቀናት ግን ተመቸው። ሰው ሁሉ በየጠዋቱ በበሩ ስንጥቅ እያየ «ውሃ ጠጣ?» ይላል፤ እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል ይባላልና። እማማ ከወጥ ቤት ሌሊት ተነስተው ወደ እንጦጦ ሲወጡ በበሩ ያልፋሉ፤ ጭራው መሬቱን ሲመታ ይሰማል።

ዐሥረኛው ቀን አለፈ፣ ውሻው ደህና ነው፣ ልጁም ከመርፌ ዳነ። እማማ ቤታቸውን ሲረከቡ ወለሉን በበረኪና አጠቡት፤ ጨርቁን ከቀዳዳዋ ነቅለው ውሃውን ለቀቁት፤ ግንበኛው እንዳሰበው በሊሾው ተንሸራቶ አንድም ጠብታ ሳይቀር ወደ አጥሩ ሥር ወረደ። «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» ብለው አደነቁ፤ ከልባቸው ነበር። ከዚያ ቀዳዳዋን መልሰው ወተፏት።

እኔ ሳድግ «ውሻ ቤት» በከተማው ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ኮተቤም፣ ሾላም፣ መገናኛም ክፍል ፍለጋ ሲዞር የዋለ ሰው «ውሻ ቤት የምታክል ክፍል አሳይቶኝ ይህን ያህል ብር ይለኛል!» ይላል፤ የስድብ ልክ ሆነ። እህቴ ደግሞ ሜሪላንድ ሆና የቀጣሪዎቿን ውሻ ሶፋ ላይ ተኝቶ ፎቶ ላከችልን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችውና «ታዲያ እነሱ የት ነው የሚቀመጡት?» ብላ ጠየቀች። እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ በእሷ ሒሳብ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት።

እማማ በተሸከሙበት ዳገት ላይ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ሰው ፈረስና ሳይክል ይጋልብበታል። እሳቸው አልደረሱበትም፤ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ የተቀበሩትም ከሰፈሩ ሳይርቁ ነው። ግቢው ሊፈርስ ሲል መሐንዲሶች በሜትር ለክተው ሲመዘግቡ የልጅ ልጃቸው እዚያው ነበረች። ጎረምሳው መሐንዲስ በሩን ከፍቶ አየና «ይህ ምንድን ነው? መጋዘን ነው?» አላት። ከግቢው ሰው አንዱ በልማድ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀድማው «መኖሪያ ቤት ነው፤ የቤት ቁጥር አለው፣ ኪራይ ተከፍሎበታል፣ ሰነዱ ይኸው» አለች። ደረሰኞቹ የአያቷ ሻንጣ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ወር ሳይጎድል ነበሩ። በምትኩ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ንጹሕ ቤት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ። የሕንፃው ኮሚቴ አባል ሆናለች። ሰው ከግቢ ወደ ፎቅ ሲዛወር ውሾቹን ትቶ ቢመጣም አንዳንዶቹ ተከትለው ስለሚመጡ ደረጃው ሥር ውሻ ሞልቷል፤ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት ካርቶንና ጆንያ አንጥፎ፣ በላዩም ቆርቆሮ አጋድሞ ማደሪያ ሠርቶላቸዋል። ግማሹ ነዋሪ ሌባ ይጠብቁልናል፣ ይተውላቸው ይላል። እሷ ይፍረስ ከሚሉት ወገን ናት፤ አጥብቃ። ጡረተኛው «ምን አደረጉሽ?» ብሎ በስብሰባ ላይ ቢጠይቃት ደንቡን ጠቅሳ ብቻ መለሰችለት። እኔ ስሄድ ነገሩ ገና አልተቆረጠም፤ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተቀጥሯል። እሷም ቡና እያፈላች ድምፅ የሚሰጧትን ሰዎች በጣቷ ስትቆጥር ነበር።